ዘንዶው እዚያው ነው
(በመርሐ ቤቴ፣ ለዓሣ አስጋሪ ባልና ሚስቶች የተደረገ ንግግር)

ከጀማና ከወንጭት ዳር ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

በሽምግልና ብዙ ተቀምጫለሁ። ዓሣ አስጋሪ ቤት ስጠራ ግን የጠቡ መነሻ ይመሳሰልብኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ይደራል (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወው)። አባወራው መረቡን ይዞ ቆላ ይወርዳል፣ ሌሊቱን ወንዝ ዳር ያድራል። ጤፍ ጎተራ ሲገባ ሚስት ቁናውን ታውቃለች። የአምባዛና የቆሮሶ ብር ግን ቤት እስኪደርስ በስንት አረቄ ቤት በኩል እንዳለፈ ማን ይቆጥራል? ሳቃችሁ፤ የምታውቁት አላችሁ ማለት ነው። እሷ «ስንት ሸጥክ?» ስትል እሱ «ሌባ ነህ» ያለችው ይመስለዋል። እሱ «ማን መጥቶ ነበር?» ሲል እሷ የምትሰማውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ምክር ለመጠየቅ ለምን እንዘገያለን? ገበና እንዳይወጣ ነዋ! «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንላለን። ዘንዶው እኮ ጎረጎርነውም ተውነውም ከጉድጓዱ አለ። ልጆቻችን ማታ ማታ ይሰሙታል።

እኔም አጥፍቻለሁ። አንዲትን እናት ባሏ ፊት አስቀምጠን «ምን በደለሽ?» አልናት። እሱ እያያት ምን ትበል? «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ብለን፣ ያስታረቅን መስሎን ጠላችንን ጠጥተን ተበተንን። ዓመት ሳይሞላ ልጇን አዝላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እሷን ለብቻ፣ እሱን ለብቻ ሳላነጋግር ሁለቱን አላገናኝም። የሚሸማገል ሁሉ ይህን ይጠይቅ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንኳ ፍቺ ለጠየቀ ሰው በሩን ወዲያው አይከፍትም። ዳኛው ባልና ሚስቱ ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው፣ ካልሆነም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ፍርድ ቤት ደጅ ከመድረሳችን በፊት ያለውን ጊዜ ግን የሚሰጠን የለም፤ ራሳችን ነን የምንወስደው።

ዱላ ካለ ግን እኔ ጋ አታምጡት። እሱ የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ «ቻይው» የሚል ሽማግሌ ካያችሁም አትስሙት።

የዘንድሮው መረብ ከመውረዱ በፊት ስለ ብሩና ስለ አዳሩ ተነጋገሩ። ካልሆነላችሁ የንስሐ አባታችሁ አሉ፤ እኔም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር አለሁ። አብሮ መምጣቱ ከከበዳችሁ አንዳችሁ ቅደሙ።