ዘበኛው ጆንያውን አይከፍትም፦ የፋይል ዓይነትን ከክላውድ ባክአፕ ማስቀረት

[መክፈቻ፦ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከር የመጫኛ ምልክት]

ባክአፑ እየሠራ ነው። አሁንም እየሠራ ነው። ማታ 3 በመቶ ላይ ነበር፤ ጠዋትም 3 በመቶ ላይ ነው። ምን ገትሮት ነው ብላችሁ ስትከፍቱት አንድ የቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ዲስክ በሩ ላይ ተጋድሟል። 40 ጊጋባይት።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ኢንተርኔታችሁ ወደ ላይ ሲጭን በሰከንድ 5 ሜጋቢት ነው እንበል። ሜጋቢት ነው ያልኩት! ሜጋባይት አላልኩም፤ 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው። እንግዲህ 40 ጊጋባይት 64,000 ሰከንድ ይፈጃል። ወደ 18 ሰዓት። ያውም መስመሩ ካልተቆራረጠ፣ ያውም ማንም ቪዲዮ ካላየበት። ከኋላው ተሰልፎ የሚጠብቀው ደግሞ ሁለት ሜጋባይት የማይሞላው የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሊሆን ይችላል።

የዛሬው ጉዳያችን ይሄ ነው፦ የማያስፈልገውን የፋይል ዓይነት ከባክአፑ ማስቀረት። ክላውድ ምንድን ነው፣ ሲንክ ምንድን ነው የሚለውን አልፈዋለሁ፤ ቻናሉ ላይ ለብቻው አለላችሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደግሞ... ታውቁታላችሁ።

[ስክሪን፦ መጋዘን፣ በር፣ ዘበኛ]

አሁን አንድ መጋዘን አስቡልኝ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። እጁ ላይ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ «እነዚህ አይገቡም» ተብሎ ተጽፏል። ጭነት ይመጣል። ዘበኛው ምን ያደርጋል? ጆንያውን ፈቶ ያያል? አያይም። ይመዝናል? አይመዝንም። ጆንያው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችውን ቁራጭ ወረቀት ያነባል፤ በቃ። ያቺ ቁራጭ ወረቀት የፋይሉ ቅጥያ ናት፤ ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያሉት ጥቂት ፊደላት።

ይህን ዘበኛ እወደዋለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ። ታማኝ ነው፤ አይተኛም፤ ጉቦ አይበላም። ግን ማሰብ አልፈጠረበትም። ቪዲዮ እንዳይገባ «ኤምፒፎር አይግባ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንድ ሰው ሃምሳ ቪዲዮ ዚፕ ውስጥ ጠቅልሎ ይመጣል። ዘበኛው ወረቀቷን ያነባል፤ «ዚፕ» ትላለች፤ «ግባ!» ይላል። ጆንያ በጆንያ ውስጥ አይታየውም።

ሌላው፦ ቅጥያው በትልልቅ ፊደል ኤምኦቪ ተብሎ የተጻፈ ቪዲዮ ይመጣል፤ ብዙ ካሜራ የሚጽፈው እንደዚያ ነው። የእናንተ ወረቀት ላይ ያለው በትንንሽ ፊደል ነው። አንዳንዱ ዘበኛ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያውቃል። አንዳንዱ ግን «ይሄ ሌላ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። የማይክሮሶፍቱ የክላውድ አገልግሎት የዋንድራይቭ ዘበኛ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ሬስቲክ የሚባለውን በትእዛዝ መስመር የሚሠራ የባክአፕ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ፦ «ኤክስክሉድ» የሚለው ትእዛዝ ይለያል፤ ከፊቱ «አይ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ያለችበት «አይኤክስክሉድ» ነው የማይለየው።

ከሁሉ የሚብሰው ሁለት የተለያየ ዕቃ አንድ ዓይነት ወረቀት ሲያንጠለጥል ነው። ቲኤስ የሚለውን ቅጥያ ውሰዱ። ከቴሌቪዥን ስርጭት የተቀዳ ቪዲዮ ቲኤስ ይባላል፤ ግዙፍ ነው፣ ይቅር ብትሉት አይገርምም። የታይፕስክሪፕት ፕሮግራመር የጻፈው ኮድም ቲኤስ ይባላል! «ቲኤስ አይግባ» ካላችሁት ዘበኛው የወራት ኮዳችሁን ውጭ ያሳድረዋል። ምንም ስሕተት አይጽፍላችሁም፤ ታዟላ! ኮዳችሁ እንደሌለ የምታውቁት ዲስኩ የተቃጠለ ዕለት ነው።

ስለዚህ ቅጥያ ከመጻፋችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ላይ በዚያ ቅጥያ ፈልጉና የሚመጣውን ዝርዝር በዓይናችሁ እዩት። ዊንዶውስ ቅጥያን በነባሪ ስለሚደብቅ መጀመሪያ ግለጡት፦ በዊንዶውስ 11 የፋይል ማሳሻው ላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»።

[ስክሪን፦ የዋንድራይቭ ሴቲንግ]

አሠራሩን በፍጥነት። ዋንድራይቭ፦ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የደመና ምልክት ተጫኑ፤ ጥርስ ያላት የጎማ ምልክት፣ ሴቲንግስ፣ «ሲንክ ኤንድ ባክአፕ»፣ ታች «አድቫንስድ ሴቲንግስ»፣ «ኤክስክሉድድ ፋይል ኤክስቴንሽንስ»። ቅጥያውን ጻፉ፣ አስቀምጡ፣ ዋንድራይቭን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። ዘግታችሁ! ብዙ ሰው የሚስተው እሷን ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ባለሙያው በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች አንድ ላይ በሚያዝበት የዊንዶውስ ሕግ፣ ነው የሚጽፈው፤ እዚያ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ቅጥያ እየተባለ ይገባል። ባክብሌዝ የሚባለው የባክአፕ አገልግሎት፦ ሴቲንግስ፣ «ኤክስክሉዥንስ»። እዚያ ስትገቡ ባትጽፉትም የተጻፈ ዝርዝር ታገኛላችሁ፤ አይኤስኦና ዲኤምጂን የመሳሰሉትን የዲስክ ምስል ፋይሎች ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀራል። የምትፈልጉት ካለበት አውጡት።

የትእዛዝ መስመር ሰዎች፦ ኮከብ ያለበትን ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉት። ባዶውን ከተዋችሁት ሬስቲክ ሳያየው ሼሉ፣ ማለትም ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ኮከቡን በፋይል ስሞች ይተካዋል። ፎልደሩ ውስጥ ሦስት አይኤስኦ ካለ የመጀመሪያው ይቀራል፣ ሁለቱ ደግሞ «ባክአፕ አድርገኝ» ተብለው ይገባሉ። ካሰባችሁት ፍጹም ተቃራኒ። መጀመሪያ ሁልጊዜ በ«ድራይ ረን»፣ ማለትም ምንም ሳይጭን ምን እንደሚያደርግ ብቻ በሚያሳየው፣ ሞክሩት።

ቅጥያ የሚጻፍበት ቦታ ጭራሽ የሌለው ፕሮግራም ከሆነስ? ትልልቆቹን ፋይሎች ከሚጠበቀው ፎልደር ውጭ አስቀምጧቸው። አያምርም፤ ግን ይሠራል።

[ስክሪን፦ ትልቅ የጥያቄ ምልክት]

ባለፈው ቪዲዮ ስለዚህ ነገር ነካ አድርገን ስናልፍ አንድ ጥያቄ እየደጋገመ መጣ፦ «ሰሌክቲቭ ሲንክ ላይ ምልክቱን አንስቻለሁ፣ አስቀርቼዋለሁ ማለት ነው አይደል?» አይደለም! እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በደንብ እንየው፣ ፋይል የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

ስታስቀሩት ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይኖራል፣ ክላውድ ላይ አይወጣም። በሰሌክቲቭ ሲንክ ምልክቱን ስታነሱ ግን ፎልደሩ ክላውድ ላይ ይቀራል፣ ከኮምፒውተራችሁ ይነሳል። ኮምፒውተር፣ ክላውድ። ክላውድ፣ ኮምፒውተር። «አስቀርቼዋለሁ» ያለ ሰው ከዚያ ብሮውዘር ላይ ገብቶ «ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ከሰረዘው ሁለቱንም አጣ ማለት ነው። የቀረው የክላውዱ የቆሻሻ ቅርጫት ብቻ ነው፤ እሱም ቀን ተቆርጦለታል፤ በግል የዋንድራይቭ አካውንት 30 ቀን።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ «ቅጥያውን ጻፍኩ፣ ክላውዱ ላይ ያለው ቦታ ግን አልቀነሰም።» አዎ፣ አይቀንስም! የዋንድራይቩ ዘበኛ በር ላይ ነው የቆመው፤ ትናንት የገባውን ጎትቶ አያወጣም። ቀድሞ ገብቶ የነበረ ፋይል በኋላ ስሙን ቢቀይርም አይነካውም። ድሮፕቦክስ ላይ ግን «ኢግኖርድ» ያላችሁት ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ እያለ ከክላውዱና ከሌሎቹ ኮምፒውተሮቻችሁ ይነሳል። ባክብሌዝም የቆየውን ቅጂ በነባሪ ለዘላለም አያስቀምጥላችሁም፤ ጊዜው ሲደርስ ያጠፋዋል። ያው አንድ ቃል፣ ሦስት የተለያየ ባሕርይ።

እሺ፣ ምን ይቅር? የእኔ መለኪያ አንዲት ናት፦ ነገ ቢጠፋ እንደገና ይገኛል ወይስ አይገኝም? አይኤስኦ እንደገና ይወርዳል፤ ይቅር። ቲኤምፒ ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ ይቅር። ቨርቹዋል ዲስክ፣ ማለትም ቪዲአይ፣ ቪኤምዲኬ፣ ቪኤችዲኤክስ፣ ውስጡ ሌላ ቦታ የሌለ ሥራ ከሌለ ይቅር፤ አንዳንዱ ፕሮግራም የተለወጠውን ክፍል ብቻ ቢጭንም ለውጡን ለማግኘት ያን ሁሉ ጊጋባይት ማንበቡ አይቀርለትም።

የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ ላይ ግን ቆም በሉ። ኦኤስቲና ፒኤስቲ መንትያ ይመስላሉ። ኦኤስቲ ሰርቨሩ ላይ ያለው ደብዳቤ ግልባጭ ነው፤ ቢጠፋ አውትሉክ መልሶ ይሠራዋል። ፒኤስቲ ግን በእጅ የተቀመጠ ማኅደር ወይም ፖፕ በሚባለው የኢሜይል ማውረጃ መንገድ ወርዶ ከሰርቨር የተሰረዘ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በዓለም ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። አውትሉክ ክፍት ሆኖ ፒኤስቲ መጫን ችግር ስለሚፈጥር ብዙ አስተዳዳሪዎች ያስቀሩታል፤ ልክ ናቸው። ግን ካስቀራችሁት አውትሉክን ዘግታችሁ በየሳምንቱ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጡት።

የፎቶ ማስተካከያው የላይትሩም ሰዎች፦ ኤልአርዳታ የምስል ቅድመ ዕይታ ነው፣ እንደገና ይሠራል። ኤልአርካት ካታሎጉ፣ ማለትም የማስተካከያ ሥራችሁ የሚመዘገብበት ፋይል፣ ነው፤ እንዳትነኩት! ኤልአርዳታ ዊንዶውስ ላይ ፎልደር ስለሆነ የቅጥያ ሕግ ላያገኘው ይችላል፤ በፎልደር ስም አስቀሩት። ቢኤኬ፣ ዲኤቲ፣ ዲቢ? እነዚህ ቅጥያዎች ስም እንጂ ማንነት የላቸውም፤ የዳታቤዝ ብቸኛ ቅጂ ቢኤኬ ተብሎ ይቀመጣል። በጅምላ አታስቀሯቸው።

[ስክሪን፦ ሦስት ትንንሽ ፋይሎች]

አሁን ሞክሩት። ሦስት ትንንሽ ፋይል ፍጠሩ፦ አንዱ ባስቀራችሁት ቅጥያ በትንሽ ፊደል፣ አንዱ በዚያው ቅጥያ በትልቅ ፊደል፣ ሦስተኛው ተራ ጽሑፍ። ሚዛናዊ እንዲሆን ባዶ አታድርጓቸው፤ አንድ ቃል ጻፉባቸው። ተራው ጽሑፍ እስኪጫን ጠብቁ። ከዚያ በዚያው ኮምፒውተር ፎልደር ሳይሆን በስልክ ወይም በብሮውዘር ገብታችሁ እዩ። ተራው ጽሑፍ ብቻ ካለ ሕጉ ሠርቷል። ትልቁ ፊደል አብሮት ካለ ዘበኛችሁ ፊደል ይለያል፤ ሁለቱንም ጻፉለት። ምንም ከሌለ ደግሞ ችግሩ ከቅጥያው አይደለም፤ ባክአፑ ራሱ ቆሟል።