ቴነር በፊልም ላይ፦ ዓይናችሁን ትንፋሹ ላይ አድርጉ

[ምስል፦ ብሔራዊ ቴአትር ከውጭ፤ የአንበሳው ሐውልት፤ ወደ ለገሃር የሚወርዱ ታክሲዎች]

እ.ኤ.አ. በ1918 ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ካሩሶ በዓለም ላይ አቻ ያልነበረው ዘፋኝ ነበር። በዚያ ዓመት ካሜራ ፊት ቆመ፤ ካሜራው ግን ጆሮ አልነበረውም። «የአጎቴ ልጅ» የተባለው ይህ ድምፅ አልባ ፊልም ለካሩሶ ሁለት ሰው ሆኖ የመጫወት ዕድል ሰጥቶታል፦ አንዱ ዝነኛ ቴነር ነው፣ ሌላው ደግሞ በኒውዮርክ የጣሊያኖች ሰፈር ሐውልት እየሠራ የሚተዳደር ድሃ ዘመዱ። ተመልካቹ አፉ ሲከፈት አየ፣ ድምፁን ግን አላገኘም። ፊልሙ ገበያ አጣ።

ጤና ይስጥልኝ። ያለነው በአዲስ አበባ መሀል፣ ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ ነው። ከዚህ ቸርችል ጎዳናን ይዘን ሽቅብ ብንወጣ ፒያሳ እንደርሳለን። የከተማችን ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ያለው በእነዚሁ አካባቢዎች ነው፤ ጨርቅ ላይ የሚራመድ ሰው ማየት ከሰይጣን በቀር የማን ሥራ ሊሆን ይችላል?

ዛሬ የምንነጋገረው ታላላቅ ቴነሮች በፊልም ላይ ስለተዉልን ትርኢት ነው። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድታዩ እፈልጋለሁ፦ ይህ ድምፅ የወጣው አሁን ከማየው ሰው ትንፋሽ ነው ወይስ አስቀድሞ ተቀድቷል?

[ምስል፦ ባዶ የቴአትር አዳራሽ፣ ከኋላ ወንበር ወደ መድረኩ]

መጀመሪያ ድምፁን እንወቀው። ቴነር ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ ነው። በዘፈን በሚቀርበው ድራማ፣ በኦፔራ፣ የሚዘፍን ቴነር ያለ ማይክሮፎን የኦርኬስትራን ድምፅ አልፎ እዚህ የኋላ ወንበር ድረስ መድረስ አለበት። እንዴት ይችላል? በጩኸት አይደለም። የኦርኬስትራ ጉልበት በብዛት የሚያርፈው 500 ኸርዝ (በሴኮንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው። የሠለጠነ ወንድ ዘፋኝ ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ የጉሮሮውን ቅርጽ በማስተካከል 3000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ኃይል ያከማቻል። እዚያ ኦርኬስትራው ደካማ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ እዚያ ንቁ ነው። ይህን በጥናት ያሳየው ስዊድናዊው ዮሃን ሱንድበርግ ነው። የስልካችሁ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ቢውጠውም ይህን ክፍል አይውጠውም፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ እንኳ የቴነር ድምፅ የሚለየው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሰውነት ሥራ ነው። ከረጅም ሐረግ በፊት የታችኛው ጎድን ይሰፋል፣ ሆድ ይወጣል፣ ከፍተኛው ድምፅ ላይ አገጭ ይወርዳል። ፈረንሳዊው ጊልበር ዱፕሬ እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ላይ ዶ የተባለውን ከፍተኛ ኖታ ሳያቀጥን በሙሉ የደረት ድምፁ ካሰማ ወዲህ ሕዝብ ከቴነር የሚጠብቀው ይህንኑ ትግል ነው።

የፊልም ዳይሬክተር ግን ትግሉን አይወድም፤ የሚፈልገው ያማረ ፊት ነው። ስለዚህ ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል፣ ዘፋኙም ካሜራ ፊት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኛ ፕሌይባክ የምንለው ነው። የድሮውን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሙዚቃ እያየ ያደገ ሰው በደንብ ያውቀዋል፦ ዘፋኙ አበባ መሀል ቆሟል፣ ባንዱ የትም የለም፣ ድምፁ ግን የአዳራሽ ነው።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች፤ ጆሴፍ ሽሚት፣ ማሪዮ ላንዛ]

ፕሌይባክን ግን አልንቀውም፤ ባይኖር ጆሴፍ ሽሚትን በፊልም ባላገኘነው ነበር። ሽሚት አይሁዳዊ ቴነር ነበር። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ በመሆኑ የኦፔራ መድረክ በሩን ዘጋበት። ራዲዮ ቁመት አይጠይቅምና በራዲዮ ገነነ። ከዚያ ፊልም መጣ፤ «አንድ ዘፈን ዓለምን ይዞራል» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1933 በርሊን ውስጥ ተመረቀ። በማግስቱ ናዚዎች በዚያችው ከተማ መጻሕፍት አቃጠሉ። ሽሚት በስደት ከአገር አገር ሲንከራተት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1942 ስዊዘርላንድ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ሳለ ሞተ፤ ዕድሜው 38 ነበር። ፊልሙን ስታዩ ይህን አስቡ፤ እኔ ያለ ሐዘን አይቼው አላውቅም።

አሜሪካዊው ቴነር ማሪዮ ላንዛም በ38 ዓመቱ ነው የሞተው። ፊላዴልፊያ ውስጥ የተወለደው ካሩሶ በሞተበት በ1921 ሲሆን፣ በ1951 ካሩሶን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም በኋላ ታላላቅ ቴነሮች የሆኑትን ፓቫሮቲን፣ ዶሚንጎንና ካሬራስን ልጅ ሳሉ ለኦፔራ ማርኳቸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ ፊልም ደግሞ ድምፁ አለ፣ እሱ የለም። ዘፈኖቹን ከቀዳ በኋላ ከስቱዲዮው ጋር ተጣልቶ ወጣ፤ ተዋናዩ ኤድመንድ ፐርደም በላንዛ ድምፅ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ለእኔ ፕሌይባክ ምን ማድረግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፦ ድምፅን ከባለቤቱ ነጥቆ ለሌላ ፊት ይሰጣል።

[ምስል፦ የሮም ካርታ፤ ሦስት ቦታዎች በየተራ ይበራሉ]

ከዚህ በተቃራኒ የቆመውን ሙከራ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 የጣሊያናዊው አቀናባሪ ፑቺኒ ኦፔራ «ቶስካ» ታሪኩ ይፈጸምባቸዋል በተባሉት የሮም ቦታዎች፣ በየሰዓታቸው፣ በቀጥታ ሥርጭት ቀረበ። የመጀመሪያው ክፍል በቤተ ክርስቲያን በቀትር፣ ሁለተኛው በፋርኔዘ ቤተ መንግሥት በምሽት፣ ሦስተኛው በሳንታንጄሎ ግንብ ላይ በንጋት። ኦርኬስትራው ሌላ ቦታ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ ዙቢን ሜታ ይመራዋል፣ ፕላሲዶ ዶሚንጎና ጓደኞቹ እሱን በርቀት እየተከተሉ ይዘፍናሉ። አራዳ ጊዮርጊስ ማሕሌት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፦ የንጋት ጉሮሮ እንደ ማታው አይታዘዝም። ዶሚንጎ የሞት ፍርደኛውን ሰው የስንብት ዜማ የዘፈነው በዚያ ሰዓት፣ ገላጣ ሰማይ ሥር ነው። እንከን ፈላጊ እንከን ያገኝበት ይሆናል፤ እኔ ግን በስቱዲዮ ከተቀዱት ብዙዎቹ አስበልጠዋለሁ።

ምስሉ ደብዛዛ በመሆኑ ብቻ የምታልፉት ቪዲዮ ካለ ተመለሱበት። ስዊድናዊው ዩሲ ቢዮርሊንግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ ሲዘፍን፣ ሥርጭቱን ለትውልድ ያቆየው የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ የተነጣጠረ የፊልም ካሜራ ነው። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይጠፋል። ሰውየው ግን አይዋሽም፦ ፊቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ሥራው ሁሉ ከአንገት በታች ነው። ጣሊያናዊው ቴነር ማሪዮ ዴል ሞናኮ በ1961 ቶኪዮ ላይ «ፓልያቺ» የተባለውን ኦፔራ ሲጫወት የተቀረጸውም ጥቁርና ነጭ ነው፤ እሱ ደግሞ የቢዮርሊንግ ፍጹም ተቃራኒ ነው፣ መላ ሰውነቱ ይገታተራል።

[ምስል፦ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን፤ ካራካላ 1990፣ ቱሪን 2006]

አሁን ልምምድ። ሉቻኖ ፓቫሮቲ ከፑቺኒ ኦፔራ «ቱራንዶት» አንዱን አሪያ (ለብቻ የሚዘፈን ዜማ) ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1990፣ በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ዋዜማ፣ በሮም፣ ካራካላ በተባለው የጥንት መታጠቢያ ፍርስራሽ። ማይክሮፎን አለ፣ ድምፁ ግን የዚያች ሌሊት ነው። «ቪንቼሮ» (አሸንፋለሁ) ከማለቱ በፊት ደረቱን ተመልከቱ፤ ከዚያም ዓይኖቹ ሲፈጥጡ፣ ነጩን መሐረብ ሲጨብጥ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ነው፤ ሕዝብ ፊት ለዘፈን የቀረበበት የመጨረሻ ቀኑ። ኦርኬስትራውን የመራው ሌዮኔ ማጄራ በኋላ እንደገለጸው፣ ድምፁ ቀናት ቀደም ብሎ የተቀዳ ነበር፤ ሙዚቀኞቹም የሚጫወቱ መስለው ነበር የታዩት። ብርዱ ከባድ ነበር፣ ፓቫሮቲም ታሞ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አረፈ። አልፈርድበትም። ነገር ግን የቱሪኑን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ካባው ከላይ ተደርቧል፤ ትንፋሹን የት እንደሚወስድ ፈልጉ። ከዚያ የካራካላውን በዚያው መንገድ፣ ያለ ድምፅ። የትኛው ሐረግ ረጅም እንደሆነ ከትከሻውና ከአገጩ ብቻ መናገር ከቻላችሁ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ የሴት ድምፆችን እንጀምራለን።