ከደቻቱ በላይ
(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማኅበሩ ሰብሳቢ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር፣ ድሬዳዋ)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶቻችን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። በተለይ ከዳገቱ ቀበሌዎች በማለዳ ተነስታችሁ የወረዳችሁ አርሶ አደሮች፣ ኑሩልን።

የሥራውንም የሒሳቡንም ሪፖርት ጸሐፊያችንና ሒሳብ ሹማችን ያቀርቡታል። እኔ ዘንድሮ ከብዙዎቻችሁ አፍ ስለሰማሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ልናገር። ጎርፍ ለመመለስ ዳገቱ ላይ፣ ውኃ ሸርሽሮ በከፈታቸው ቦረቦሮች ውስጥ፣ የምንሠራውን የድንጋይ ክትር ይዛችሁ «ይሄ ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትላላችሁ።

ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፣ አልቀየምበትም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዚያ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቤቱን ያጣ አለ፣ ሰው የቀረበትም አለ። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግራችን የምንሻገረው ወንዝ እንዲያ ሲሆን ያየ ሰው፣ ዳገት ላይ ድንጋይ ስንደረድር አይቶ «ይሄ ነው ያንን የሚመልሰው?» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ውኃው ከየት ነው የሚመጣው? እዚህ ጠብ ሳይል፣ ፀሐዩ እያቃጠለን፣ ከበላያችን ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ነው የሚወርድብን። ያ ተራራ ባቡሩንም ያስቆመ ተራራ ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ወጪው ከበደና በ1895 ዓ.ም. እግሩ ሥር ቆመ፣ ከተማችንም በዚያው ተቆረቆረች። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሃል ያሉትን ዓመታት አስቧቸው። ሐዲዱ አሸዋ ላይ አልቆ ሲያዩት «ይሄስ የትም አይደርስ» ያለ ሰው አይጠፋም ነበር።

ወደ ቦረቦራችን ልመለስ። ለአዲስ አባላት ስል ትንሽ ላብራራ። ክትር ማለት ቦረቦሩን አቋርጦ የሚደረደር፣ የውኃውን ጉልበት የሚሰብር የድንጋይ ግድብ ነው። የምንጀምረው ከላይ፣ ቦረቦሩ ገና ጠባብ ከሆነበት ነው፤ ከታች የጀመረ ሰው የደከመበትን ለጎርፍ ያስረክባል። ክትሩ መጀመሪያ ሲሠራ ከወገብ አይበልጥም። መሃሉን ዝቅ እናደርገዋለን፣ ውኃው በዚያ እንዲያልፍና ዳርና ዳሩን እንዳይበላ። የጫፍ ድንጋዮቹ የቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍሮላቸው ይቀበራሉ። የታችኛው ክትር አናት ደግሞ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መምጣት አለበት። ክረምት ሲያልፍ ከጀርባው ደለል ይሞላል፣ በበጋ በዚያ ላይ ሌላ ረድፍ ድንጋይ ይጨመራል። «አንዴ ከፍ አድርገን እንገላገል» ያለ ሰው ክትሩን የመጀመሪያው ደራሽ ውኃ ይገለብጥበታል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቀስ ማለታችን ከአቅም ማነስ ብቻ አይምሰላችሁ። ሥራው ራሱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ካልሆነ አይቆምም።

ለውጥ አለ ወይ ለምትሉኝ፣ ከላይኛው ቦረቦር ሄዳችሁ እዩ። ድሮ ፍየል እንኳ ወርዳ የማትወጣበት ገደል ነበር። ዛሬ በሞላው ደለል ላይ አንዲት እናት ማሽላ ዘርተውበታል፤ አገዳው ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ያ አፈር ክትሩ ባይኖር ኖሮ በጎርፍ ተጭኖ እኛ በር ላይ ይራገፍ ነበር።

ከተማ ውስጥ የተሠራው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ያስፈልገናል፣ ብዙ ቤት ጋርዷል። ግን «ግንብ አለን» ብለን ዳገቱን የምንረሳ ከሆነ እኔ በበኩሌ አልስማማም። ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ አዲስ ክትር ስንሠራ ሁላችንም እንወጣለን፣ የተናደ ድንጋይ ለመመለስ ግን ሰው አይገኝም። አንድ ድንጋይ የወለቀበት ክትር በሚቀጥለው ዝናብ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፣ የላይኛውም ተከትሎት ይወርዳል። ዳገቱ እንዲያገግም ከግጦሽ የከለልነው ጥብቅ ቦታም ከብት ሲለቀቅበት እንደዚያው ነው፤ ችግኙ ሁለት ክረምት ሳይጠግብ ይነቀላል።

መቼ ያልቃል ላላችሁኝ፣ በእኔ ዕድሜ አያልቅም። ይህን የምላችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፤ ዳገቱ የተራቆተው በአባቶቻችንና በእኛ ዘመን ተደምሮ ነው፣ በአንድ የምርጫ ዘመን ይመለሳል ብዬ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ። ከናንተ የምፈልገው የዘንድሮውን ድርሻ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቦረቦር በስሙ ይያዝ፤ ከበልግ ዝናብ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሐምሌ በፊት አንድ ጊዜ ወጥቶ የወለቀውን ይመልስ። አዲስ ሥራ የሚጀመረው ነባሩ ሲጠገን ብቻ ይሁን። ይህ ሐሳብ በአጀንዳችን ሦስተኛ ላይ ቀርቧል። ተወያዩበት፣ የማትስማሙበት ካለ በግልጽ ተናገሩ፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።

በዚህም የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።