«ይሁን» ብሎኝ ሄደ

እንዴት ናችሁ። ድምፄ ዝቅ ያለው ዶርም ውስጥ ስለሆንኩ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ዛሬ ስለ መውጫ ፈተና ዝግጅት ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። አልችልም። የፕሮግራሚንግ ላብ ፈተናው ነገር አልለቀቀኝም።

መምህሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ስክሪኑን አየና አንዷ መስመር ላይ ጣቱን አደረገ። «እዚህ ጋ ለምን ሁለቱን ደምረሽ ለሁለት አላካፈልሽም?» አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። ባይነሪ ሰርች ነው፣ በቅደም ተከተል የተደረደረ ዝርዝር ውስጥ መሃል መሃሉን እያየን የምንፈልግበት ዘዴ። መስመሯ መሃሉን የምናገኝባት ናት፣ «ሁለቱ» ያላቸው የምንፈልግበት ክፍል ታችኛውና ላይኛው ቦታ ቁጥሮች ናቸው። እኔ ከላይኛው ታችኛውን ቀንሼ፣ የቀረውን ለሁለት አካፍዬ፣ ታችኛው ላይ ነው የደመርኩት።

መልሱን አውቀዋለሁ እኮ! ሰማያዊዋ ደብተሬ ላይ አለ። «ሁለቱ ቁጥሮች ትልልቅ ከሆኑ ድምራቸው ጣሪያውን ያልፋል» ብዬ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የኢንት፣ ማለትም የተለመደው ሙሉ ቁጥር፣ ጣሪያ 2,147,483,647 ነው። አንድ ሲጨመርበት ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ይሄ ስህተት የጃቫ የራሱ ላይብረሪ፣ አብሮት ተዘጋጅቶ የሚመጣው ኮድ፣ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጦ፣ በፈረንጆች 2006 ነው በሰፊው የተወራው። ይሄን ያነበብኩ ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እና ዝም አልኩ።

አፌ ላይ የመጣችው «ጣሪያ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። ኦቨርፍሎው የሚለውን፣ ጣሪያ ማለፍ የሚባልበትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሺህ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ያን ሰዓት ግን የለም። ጠበቀኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ ኪቦርድ መምታቱን ሲያቆም ተሰማኝ። ከዛ መምህሩ «እሺ፣ ይሁን» አለ። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ሄደ።

«ይሁን»ን ያለው በአማርኛ ነው። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። በአማርኛ ከሆነማ እኔም እመልስ ነበር። ደግሞስ «ይሁን» ምን ማለት ነው? ገባኝ ማለት ነው? ወይስ ከሰው ገልብጠሻል፣ ግን ልለፍሽ? ውጤቱ ወጥቷል። ለኮዱ ሙሉ፣ ለማብራሪያው ባዶ። አላብራራሁም፣ ስለዚህ ልክ ነው። ልክ ነው መሰለኝ።

ደብተሯን የጀመርኩት አንደኛ ዓመት እያለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አይዝም ነበር፣ እስክሪብቶ ግን አለ። ከዛ ልማድ ሆነ። ኮድ ከመጻፌ በፊት ነገሩን በአማርኛ እጽፈዋለሁ። መጻፍ ካቃተኝ ገና አልገባኝም ማለት ነው። ስለ ስታክ፣ ዳታን እየደራረብን ስለምናስቀምጥበት መንገድ፣ «ስታክ፦ መጨረሻ የወጣው እንጀራ መጀመሪያ ይነሳል» የምትለዋም ከዚያ የመጣች ናት። ስለሷ ያወራሁበትን ነው የእንጀራው ክፍል የምትሉት።

ኦ፣ ደግሞ ትናንት ምን አደረግኩ መሰላችሁ! ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ «ሰላም» ስንት ፊደል ነው አልኩት፣ 3 አለኝ። ሲ በሚባለው ሌላ ቋንቋ ስሞክረው 9! ለካ በዩቲኤፍ 8፣ ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ሲ የሚቆጥረው ባይቱን ነው። ፓይተን ላይ ደግሞ ተለዋዋጩን፣ ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ስም ማለቴ ነው፣ «ድምር» ብዬ ሰየምኩት፣ በራሳችን ፊደል። ሠራ! ስክሪኑ ላይ ድምር፣ ድምር፣ ድምር እያለ ሲወርድ... አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ግን ፈተና ላይ እንደዛ አልጽፍም። የመውጫ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፣ የሥራ ኢንተርቪውም እንደዛው። ስለዚህ ከትናንት ጀምሮ የግራውን ገጽ በአማርኛ፣ የቀኙን በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀምሬያለሁ። የቀኙ የሰው እጅ ጽሑፍ ይመስለኛል። ምናልባት ይለመዳል። ወይም ደግሞ ነገሩ ከቋንቋ ጋር አይገናኝም፣ ሰው ከኋላዬ ሲቆም መፍራቴ ነው። እሱንም አስቤዋለሁ። ግን በአማርኛ ጠይቆኝ ቢሆን እፈራ ነበር?

ማክሰኞ ቢሮው ይገባል። ነጥብ ልጠይቀው አይደለም። ገጿን ከፍቼ ብቻ ላሳየው ነው። ቀኗን ጽፌባታለሁ፣ ከፈተናው ሦስት ሳምንት በፊት ናት። በር ላይ ቆሜ ግን መጀመሪያ ምን እላለሁ? «ቲቸር፣ ያን ዕለት...» ብዬ በአማርኛ ልጀምር፣ ወይስ...