በር ላይ ማን አለ?

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የዕድራችን አባላት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የዶክተራችን ባለቤትና ልጆች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ንግግር ልምዴ አይደለም። የኔ ሥራ መቀስ ማቀበል ነው። ከዶክተር ጋር እዚሁ ሐዋሳ 14 ዓመት በአንድ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመናል። አንቱ ስለው ይቆጣ ነበር፤ ዛሬ በአርባውም "እሱ" ብለው አትታዘቡኝ። ትምህርቱንና ሹመቱን ቅድም ሰምታችኋል። እኔ የማወራው ከጠረጴዛው ማዶ ያየሁትን ነው።

አንድ የክረምት ሌሊት አንጀቱ የተጠመዘዘ ገበሬ በአምቡላንስ መጣ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የተጠመዘዘ አንጀት ደም አይደርሰውም፤ ሰዓት በሄደ ቁጥር እየጠቆረ ይሞታል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሠራን። ሆዱ ሊዘጋ ሲል ጎዙን፣ ደም የምንጠርግበትን ጨርቅ፣ ቆጠርን። አንድ ጎደለ። ደግመን ቆጠርን፤ አሁንም ጎደለ። የማደንዘዣ ባለሙያው ሰዓቱን ያያል። የኔ እግር ዝሏል። ዶክተር መርፌውን አስቀመጠና "አልዘጋም" አለ። ሆድ ውስጥ ፈለገ። ባልዲ ገለበጥን፣ ጨርቅ አራገፍን። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛችን "ዶክተር፣ እስቲ እግርዎን ያንሱ" አለችው። ጎዙ ቦቲው ሥር ተለጥፏል!

እሷ ያን ለማለት እንዴት ደፈረች? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ አለ። ቢላዋ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለው ቡድን ስሙንና ሥራውን ይናገር ይላል። እኛ "ደግሞ ምን ጣጣ መጣ፣ ስንተዋወቅ ስንት ዓመታችን" ብለን ሳቅን። እሱ አልሳቀም። በ8 ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ እንደወረደ በቃሉ ይዞታል። ወረቀቱ ስለ ጽዳት ሠራተኛ አያወራም፤ እሱ ግን እሷንም ስሟን ያስጠራት ነበር። ስሟን በየቀኑ የተናገረች ሰው እግር አንሣ ለማለት አትፈራም።

ያን ሌሊትም እንደ ልማዱ ጓንቱን አውልቆ "በር ላይ ማን አለ?" አለ። ሁሌም ይህችን ይጠይቃል። በር ላይ ጋቢ የለበሰች እናት፣ ወይም ቀበቶውን የጨበጠ ወንድም ይኖራል። ሰው አይልክም። ራሱ ወጥቶ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ቁጭ ይላል፣ በተሰባበረ ሲዳምኛም ቢሆን ያስረዳል። መርዶ ሲሆንም እሱው ነው የሚወጣው። ያን ቀን ተመልሶ ሲመጣ አናናግረውም።

መልአክ ነበር አልላችሁም። ደም ሲዘገይ ጩኸቱን ግድግዳው ይሰማዋል። አንዴ የተሳሳተ መቀስ ሰጥቼው ያለኝን አባቶች ፊት አልደግመውም። በማግስቱ ማኪያቶ ይዞልኝ መጣ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ከአፉ አልወጣችም፤ ስኳሩን ግን እንደምወደው አድርጎታል።

እሁድ ተረኛ ካልሆነ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። አንድ ቀን ከቤተሰቡ ጋር አገኘሁት። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዙሪያውን ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ፣ እሱ ደግሞ የልጆቹን ቆሮሶ ዓሣ እሾህ ያወጣል። በዚያው ጣት፣ በዚያው ዝግታ። እሾሁን ሳህኑ ዳር ደርድሮ ሲቆጥር ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የራሱ ዓሣ ቀዝቅዟል።

እህቴ፣ አንቺ እራት ስንት ሌሊት እንዳሞቅሽ እኛ እናውቃለን። ስልኩ ሲጮህ ማን እንደሚደውል ታውቂ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ትልቋ ልጁ፣ አንቺን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከመዋዕለ ሕፃናት የተመረቅሽ ቀን አባትሽ አልመጣም፤ እንደተቀየምሽው ነግሮኛል። በመኪና አደጋ የተጎዳ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በየአሥር ደቂቃው ሰዓት ያስነግረናል። ከዚያ እናትሽ ደወለች፣ አንዷ ነርስ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጆሮው አጠገብ ያዘችለት። ክልክል ነው፤ አለቆቻችን እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ። ግጥምሽን ስታነቢ ክፍሉ ጸጥ አለ። እጁ ለአፍታ ቆመ። ስለ ላም ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ዘለልሽው። "ዘለለችው" አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ እኔም ክሩን ሰጠሁት።