የመክፈቻ ንግግር፦ በመኳንንቱ መዝገብ ያልተጻፉት የጎታ ሰው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከኋላ ወንበር የተደበቃችሁ ወጣቶችም ጭምር፣ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም መጣችሁ። ከኮሎኝና ከማንሃይም በጠዋት ባቡር የመጣችሁ አላችሁ። እግዜር ይስጥልን። ቡናው እየተፈላ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አላንዛዛም። ይህን ዓምናም ብዬ ነበር፣ አውቃለሁ።

የዘንድሮው ጉዟችን ወደ ጎታ ነው። ወሬው ሲሰማ ስልኬ አላረፈም። "ጎታ ደግሞ የት ናት?" አላችሁ። አንድ ወንድማችን እንዲያውም "በርሊን አይሻልም ወይ?" አለኝ። በርሊን የትም አትሄድም። እኔ ዛሬ ጎታን ለምን እንደመረጥን ላስረዳ።

ጎታ በቱሪንገን ውስጥ ያለች መለስተኛ ከተማ ናት። ከዚህ ከፍራንክፈርት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዱሮ ግን የአንድ ግዛት መናገሻ ነበረች። ገዢዋ ዱክ ይባላል። ዱክ በእኛ ራስ ነው ወይስ ደጃዝማች? እሱን ሽማግሌዎቻችን ከምሳ በኋላ ይከራከሩበት። መጽሐፍ ላይ መስፍን እየተባለ ይተረጎማል። እኔ ዱክ ልበል፣ ለአፌ ይቀለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ገባሁ። ትንሽ ቀይ መጽሐፍ አገኘሁ፣ በመዳፍ የሚያዝ። የጎታ አልማናክ ይሉታል። ከ1763 ጀምሮ በየዓመቱ ጎታ ውስጥ ይታተም የነበረ፣ የአውሮፓ ነገሥታትና መኳንንት የዘር መዝገብ ነው። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን መቼ ሞተ። በጎታው አሳታሚ እጅ የመጨረሻው የወጣው በ1944 ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ልጁን ሲድር መጀመሪያ የሚያገላብጠው ይህን ነበር። እኛ "የማን ልጅ ነው?" ብለን ሽማግሌ የምንጠይቀውን እነሱ አትመው ይሸጡታል። ገዝቼው እቤት ሄድኩና ሌሊቱን ሳገላብጥ አደርኩ። እኔ የምፈልገው የጎታ ሰው ግን የለበትም። ሊኖርም አይችልም። እሳቸው አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፤ የእኛ ሰው ናቸው፣ መነኩሴም ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዱክ ኤርንስት ነው። በ1601 ተወለደ፣ ከ1640 ጀምሮ የዛክሰን ጎታ ገዢ ሆነ። ጀርመኖች "ጻድቁ ኤርንስት" ይሉታል። ሥልጣን ሲይዝ አገሩ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ወድማ ነበር። ሰዉ በረሃብም በወረርሽኝም አልቋል። ጦርነቱ ገና አምስት ዓመት ሲቀረው፣ በ1643፣ ትልቅ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመረ። ስሙን ፍሪደንሽታይን አለው፤ የሰላም ድንጋይ እንደማለት ነው። ሰላም ሳይመጣ ለሰላም ቤት መሥራት ድፍረት ይጠይቃል።

በበሩ ላይ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች ተመስለው ሲሳሳሙ ያሳያል። ከሥሩ የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ "ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል" ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው ያለቀስኩበት ምክንያት ለብዙዎቻችሁ መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ዳዊት የደገማችሁ ደግሞ ሥዕሉን ወዲያው ታውቁታላችሁ። "ጽድቅ ወሰላም ተሰዓማ።"

ዱኩ ሌላም ሥራ ሠራ። በ1642 በግዛቱ የገበሬ ልጅ ሳይቀር ትምህርት ቤት እንዲገባ ሥርዓት አወጣ። ልጁን አስቀርቶ ከብት የሚያስጠብቅ አባት ይቀጣል። የትምህርቱን ሥርዓት ያዘጋጀው አንድሬያስ ራይኸር የሚባል የትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። ከዚያ በኋላ "የዱክ ኤርንስት ገበሬ ከሌላው አገር ባላባት ይበልጥ የተማረ ነው" ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ራሳቸው የጎታ ሰዎች ይሆናሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። ያም ሆኖ ትንሽ እውነት ሳይኖረው አይቀርም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ከጎታ አጠገብ ኤርፉርት የምትባል ከተማ አለች። በ1624 ኢዮብ ሉዶልፍ የተወለደው እዚያ ነው። ልጁ የቋንቋ ጠኔ ነበረበት ማለት ይቻላል። ገና ተማሪ ሳለ፣ አስተማሪ ሳያገኝ፣ ከታተሙ ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ግዕዝ መልቀም ጀመረ። በ1649 ለስዊድን አምባሳደር የጠፉ ሰነዶችን ሊፈልግ ሮም ሄደ። እዚያ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሾች ቤት ነበር፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው። በሩን አንኳኳ።

እዚያ ያገኛቸው አባ ጎርጎርዮስን ነው። የአማራ አገር ሰው ናቸው፣ የመካነ ሥላሴ። ከየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ወዳጅነት ነበራቸው። አፄ ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ሲያባርሩ እሳቸውም ከአገር ወጡ። በስደት ሮም ደረሱ። እንግዲህ ይህን ስናገር ፊታችሁ ላይ የሚታየኝ ነገር አለ። አዎ፣ ከካቶሊኮች ጋር ቀርበው ነበር። ዛሬ የሃይማኖት ክርክር አልከፍትም። እኔ የምለው፣ ሊቅ ነበሩ፣ ስደተኛም ነበሩ። ስደት ምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሉዶልፍ በመጽሐፍ የለቀመውን ግዕዝ ሲያነበው እንዴት እንደተሰማ አስቡት። የእኛ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ "ጸ"ን ሲያነቡ የሚሰማው ዓይነት ይመስለኛል። ሁለቱ መጀመሪያ ሲጠያየቁ በመካከላቸው ጣልያንኛ ነበረ፣ አስተርጓሚም ነበረ። እያደር ግን ግዕዝ መግባቢያቸው ሆነ። ከተለያዩ በኋላም በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። አንድ ጀርመናዊና አንድ ሐበሻ፣ ሁለቱም አፍ በማይፈቱበት ቋንቋ!

በ1652 ሉዶልፍ በጎታ ቤተ መንግሥት ሥራ ያዘ። የዱኩን ልጆች ያስተምራል። ዱኩ የአባ ጎርጎርዮስን ነገር ሲሰማ "ይምጡ" አለ። አባም በዚያው ዓመት ክረምት ከሮም ተነስተው የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጎታ ገቡ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው። መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር እናንተው ገምቱ።

ዱኩ የጠየቃቸው ነገር ብዙ ነው። እሱ ሉተራዊ ነው። ከሮም ጳጳስ ሥር ያልሆነ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ከአፍሪካ ተራሮች ላይ አለ ሲባል ጓጉቶ ነበር። እምነታችሁ እንዴት ነው? ቁርባናችሁ? ጾማችሁ? ስለ ሃይማኖት የተጠየቁትና የመለሱት ተጽፎ ዛሬም በዚያው ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ሉዶልፍ ደግሞ በጎን ስለ አገሩ ሁሉ ይጠይቃል። ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ እንስሳው። አማርኛም ይጠይቃል። ግዕዝ የመጽሐፍ ነው፤ አማርኛን ግን ከተናጋሪው አፍ ካልሆነ ከየት ያገኘዋል?

ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ወራት ነው። መስከረም አካባቢ አባ ተመለሱ። ከዚያ ወደ አገራቸው ለመግባት ተነሱ። በ1658 እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። አገራቸውን አላዩም። መቃብር የላቸውም።

ሉዶልፍ ግን ማስታወሻውን አልጣለም። የግዕዝ መዝገበ ቃላቱ በ1661 ለንደን ታተመ። የኢትዮጵያ ታሪክ ያለው መጽሐፉ በ1681 እዚሁ ፍራንክፈርት ወጣ። የአባ ጎርጎርዮስን ምስል በ1691ዱ ተከታይ መጽሐፍ ውስጥ አሳተመ። ከዚያ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ለአውሮፓ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰውየው 74 ዓመቱ ነበር፤ መምህሩ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗል። ያንን ሰዋስው ስትገልጡት የምትሰሙት የአባን ድምፅ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአማራ ሰው እንዴት ይናገር እንደነበር ከምናውቅባቸው መንገዶች አንዱ ጎታ ውስጥ የተደረገ ጨዋታ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ይገርመኛል።

ኤርንስት በዚህ አልረካም። በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን የሚባል የሉዶልፍ ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ይህ ያን ለንደን የታተመውን መዝገበ ቃላት አበላሸብኝ ብሎ ሉዶልፍ የተቆጣበት ሰው ነው። ሉዶልፍ በ1699 አርሞ እንደገና እስከ ማሳተም ደርሷል። ቫንስሌብን ግብፅ ደረሰ፣ ከዚያ አላለፈም። የሉተራዊውን ዱክ ገንዘብ ይዞ የወጣው ሰው ሮም ሄዶ ካቶሊክ ሆነ፣ መነኮሰም። ኤርንስት ምን እንዳለ መስማት ነበር።

ሌሎቹን መኳንንት ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ኤርንስት 18 ልጆች ወልዶ ነበር። ሲሞት ሰባት ወንዶች ቀሩ። እንደኛ አገር ርስት ተከፋፈሉትና በ1680 አንዱ ግዛት ሰባት ሆነ። የትንሽ ትንሽ። ከእነዚህ ቅርንጫፎች ነው እንግዲህ የአውሮፓ ዙፋን የሞላው። የጎታዋ አውጉስታ በ1736፣ በ16 ዓመቷ፣ ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ተዳረች። እንግሊዝኛ አታውቅም። እናቷ "ጀርመኖች ከነገሡባቸው ስንት ዘመናቸው፣ ሁሉም ጀርመንኛ ይችላል" ብለው ነው አሉ። ልጇ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ነው። በኋላ የጎታው ቅርንጫፍ ሲጠፋ ግዛቱ በ1826 ከኮቡርግ ጋር ተቀላቀለ። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል አልበርት ከዚያ ነው፤ የቤልጅጉ ሊዮፖልድ አንደኛም። የእንግሊዝ ነገሥታት እስከ 1917 ድረስ የቤተሰብ ስማቸው ዛክስ ኮቡርግና ጎታ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ነው ቀይረው ዊንድዘር የተባሉት። በዚያው ዓመት ለንደንን የሚደበድበው የጀርመን አውሮፕላን ስሙ ጎታ ነበር። ስም መቀየሩ አይፈረድባቸውም።

ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ነገር። ዩቲዩብ ላይ ሌሊቱን የምታዩት ኢሉሚናቲ የሚባል የምሥጢር ማኅበር፣ መሥራቹ አዳም ቫይስሃውፕት ከባቫሪያ ሸሽቶ የተጠለለው ጎታ ነው። ያስጠጋው ዱክ ኤርንስት ሁለተኛ ራሱም አባል ነበር። ዓለምን ሲገዙ ግን አላየንም። ቫይስሃውፕት መጽሐፍ እየጻፈ አርጅቶ በ1830 እዚያው ሞተ። ዱኩ ከዋክብት ማየት ይወድ ነበር። መመልከቻ ጣቢያ አሠራ፤ በ1798 የአውሮፓ ከዋክብት ተመራማሪዎች እዚያ ተሰበሰቡ። ሲሞት በአትክልቱ ኩሬ መካከል ባለች ደሴት ላይ ሐውልት ሳይቆምለት ተቀበረ። ከሁሉም ዱኮች እኔ ለእሱ አደላለሁ።

ሌላ ኤርንስት ሁለተኛም አለ፣ የአልበርት ወንድም። ስማቸው ሁሌ አንድ ነው፣ ምን ላድርግ። ይህኛው በ1862 ከሚስቱ ጋር በምፅዋ በኩል ወደ መንሳና ወደ ቦጎስ አገር መጣ። ዛሬ ኤርትራ ነው። የእንስሳት ሊቁን አልፍሬድ ብሬምን፣ ደራሲና ሠዓሊም አስከትሎ ነበር። ለአደን ነው የመጣው። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ዱኩ ግን እሳቸው ዘንድ አልደረሰም። ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የጥንት አያቱ ጻድቁ ኤርንስት አንድ መነኩሴ አስጠርቶ ወራት ሙሉ ሲያዳምጥ፣ ዘሩ ራሱ መጥቶ እንስሳ ተኩሶ ተመለሰ። ያመጣው የሥዕል መጽሐፍ ቆንጆ ነው፤ ፍርዴን ግን አልለውጥም።

በ1918 ዙፋኑ ቀረ። ጎታ ወደ ቱሪንገን፣ ኮቡርግ ወደ ባቫሪያ ሄዱ። የመጨረሻው ዱክ ካርል ኤድዋርድ የቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ነበር፤ ኋላ የናዚ ሰው ሆነ። ስለ እሱ በማውራት ጊዜ አላጠፋም።

እንግዲህ ሥራ አስፈጻሚው ያሰበው እንዲህ ነው። ጎታ ስንደርስ ቤተ መንግሥቱን አብረን እናያለን። ከዚያ በር ላይ ካለው ድንጋይ ሥር ቆመን የቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆቻችን ያን የዳዊት መዝሙር በግዕዝም በአማርኛም ያነብባሉ። የአባን ምስል አትመን እንይዛለን። ለቤተ መጻሕፍቱም ቀደም ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ጽሑፉን በዓይናችን ለማየት ፈቃድ እንጠይቃለን። ደብዳቤውን በጀርመንኛ ማን ይጻፈው የሚለው አልተወሰነም። እጃችሁን አውጡ፣ አትፍሩ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቱን ያቀርባል። የአውቶቡሱ ሒሳብ እዚያ ውስጥ አለ፤ ልጆች ግማሽ ነው የሚከፍሉት። ስማችሁን ያላስመዘገባችሁ፣ ወረቀቱ ጀበናው አጠገብ ነው።