ወደ ታች የመውረድ ስሜት፦ ለሳይኮሎጂ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ሐዋሳ

እንደምን አረፈዳችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ምርምር ዘዴ ንገርልን» ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ሰዓቱን ነው። ከምሳ በኋላ ቢሆን እምቢ እል ነበር። በሐዋሳ ሙቀት፣ ጠግቦ ለተቀመጠ ሰው ስለ ሜቶዶሎጂ ማውራት እሹሩሩ ማለት ነው።

የማስተርስ ቴሲሴን የሠራሁት እዚሁ ከተማ ነው፤ ስለ ድብርት ምልክቶች። የድብርት ምልክት መለኪያ መጠይቁን፣ ፒኤችኪው ናይንን፣ ታውቁታላችሁ። 9 ጥያቄ አለው። ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ ድምሩ ከ27 ይታያል። እኔ የተፈተሸ የአማርኛ ቅጂ ከመፈለግ ይልቅ ራሴ ተረጎምኩት። ወጣት ነበርኩ፤ ድፍረት ሞልቶኝ ነበር። እንግሊዝኛው 2ኛው ጥያቄ ላይ መከፋትን «ታች» በሚል ቃል ይገልጸዋል። እኔም ቃሏን ሳልነካ «ወደ ታች የመውረድ ስሜት ምን ያህል ጊዜ ተሰማዎት?» ብዬ ጻፍኩ።

ደንቡ እንደሚያዘው መልሼ አስተረጎምኩት። ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዘዴ ከጻፈ ወዲህ ቻፕተር ስሪ ላይ፣ ማለትም የቴሲሱ የምርምር ዘዴ ምዕራፍ ላይ፣ የማይጠቅሰው የለም። እንግሊዝኛው የተዋጣለት ጓደኛዬ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከዋናው ጋር ቁርጥ አንድ ሆነ! ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ከዚያ ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና እየተቆላ ነበር። 2ኛውን ጥያቄ አነበብኩላቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እኛ ሰፈር እኮ ቁልቁለት የለም» አሉኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። ከእሳቸው በፊት 60 ሰው ጠይቄያለሁ። 60ዎቹም ቁጥር ሰጥተውኛል። ያልገባቸውን ጥያቄ፣ «ይሄ ልጅ ወረቀት ይዞ መጥቷል፣ አናሳፍረው» ብለው መልሰውልኛል።

መልሶ መተርጎሙ ለምን አልያዘውም? ቃል በቃል የተተረጎመ ነገር ሲመለስም ቃል በቃል ስለሚመለስ ነዋ። ትርጉሙ ድርቅ ባለ ቁጥር ፈተናውን በቀላሉ ያልፋል።

አልፋውስ? ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀን የመጠይቅ አስተማማኝነት መለኪያ፣ አልፋ፣ ከ0.70 ሲያልፍ እንተቃቀፋለን። አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ አብረው መሄዳቸውን ነው። ወዴት እንደሚሄዱ አይነግረንም። የደከመው ሰው ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ላይ ቢያሠምር አልፋው እንዲያውም ከፍ ይላል። በእኛ አገር ደግሞ እንግዳን አለመቃወም ጨዋነት ነው። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ስትሉ «ተመስገን ነው» ይሏችኋል። ተመስገን ስንት ነጥብ ነው? 0 ነው?

ስለ ናሙና ብዙ አልልም። የናሙና ቀመሩ በሚሰጠው 384 ሰው ላይ፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ጨምሮ 423 ያላለ ቴሲስ ካለ አሳዩኝ። ቀመሩ ግን ሰዎቹ በዕጣ እንደተመረጡ ይቆጥራል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ፣ ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆማችሁ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ብትቆጥሩ፣ የሐዋሳ ነዋሪ ሁሉ በር ላይ አንድ አንድ የቆመ ይመስላችኋል። ለዓሣው ትርፍራፊ ነው የመጣው። እኛም ካምፓስ ካፌ ተቀምጠን መጠይቅ እናድልና «የሐዋሳ ወጣቶች» ብለን እንጽፋለን።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች በድጋሚ ተሠርተው ውጤቱ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ጉልህ ውጤት ያሳዩት 97 በመቶ ነበሩ። በድጋሚው 36 በመቶ። ይህን የምላችሁ ለማጽናናት ነው፤ ወይ ለማስፈራራት፣ እንደ ሰዉ ነው።

ወደ እናታችን ልመለስ። ወረቀቱን አጠፍኩና «እማማ፣ ሰው ሲከፋው እዚህ ምን ይላል?» አልኳቸው። «ሆድ ይብሰኛል ይላል። ሁሉ ነገር አስጠላኝ ይላል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ከሰው ይርቃል» አሉኝ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ሆድ መባስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲበድለን ነው፤ ሁሉ ነገር ማስጠላት በዳይ አይፈልግም። አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ቡና ጠጣሁ። ከ60ው ወረቀት ያላገኘሁትን እዚያ አገኘሁ። 60ውን ጣልኩት። ሦስት ሳምንቴ ሄደ፤ የታክሲውን አልቆጥርም።

ከዚያ ወዲህ መጠይቅ ከማባዛቴ በፊት 8 ወይም 10 ሰው ፊት እቀመጣለሁ። ጥያቄውን አነብና «የገባዎትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» እላለሁ። ቁጥር አልቀበልም። እዚህ ከተማ ይህ በሲዳምኛም በወላይትኛም ይደረግ። በአማርኛ የተስተካከለው እዚያ ሲደርስ እንደገና ቁልቁለት ሊሆን ይችላል።

ሻይ እስኪቀርብ 15 ደቂቃ አለን። ሁላችሁም መጠይቃችሁን አውጡ። 3ኛውን ጥያቄ አጠገባችሁ ላለው ሰው አንብቡለት። የገባውን ይንገራችሁ፤ እናንተ አታርሙት፣ ዝም ብላችሁ ጻፉ። እኔ እየዞርኩ እሰማለሁ።